አፈሙዙን እርሳስ የሚያለብሰው ምንድን ነው? የአንድ ስድስት ጎራሽ ጉዳይ

ወዳጄ ሽጉጡን ይዞ ሲመጣ ሦስት ወር ታግሎ ደክሞት ነበር። ሽጉጡ .45 ኮልት የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ስድስት ጎራሽ ነው። ሁለተኛ እጅ ነው የገዛው፣ ውጪው ግን እንደ አዲስ ያበራል። እሱ አረሩን (ተተኩሶ የሚሄደውን የጥይት ክፍል) ራሱ አቅልጦ በፎርማ ያወጣል፣ ባሩዱን የሚይዘውን ቀለሁንም ራሱ ይሞላል። ችግሩ ይኼ ነው፦ 12 ጥይት ሳይተኩስ አፈሙዙ ውስጥ እርሳስ ይለጠፋል፣ በ25 ሜትር ርቀት ስድስቱ ጥይት 20 ሴንቲሜትር ያህል ይበታተናል፣ አንዳንዱ አረር ደግሞ ወረቀቱን በጎኑ ይመታና ክብ መሆን የነበረበት ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ይገኛል።

«እርሳሱ ለስላሳ ሆኖብኝ ነው» አለኝ፣ ገና ሳይቀመጥ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። እርሳስ ከተለጠፈ እርሳሱ ስለለሰለሰ ነው፣ ስለዚህ ይጠንክር፤ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። እሱም መጀመሪያ ይጠቀም የነበረው ከድሮ የጎማ ባላንስ (የመኪና ጎማ ለማመጣጠን ከሚለጠፈው ክብደት) የቀለጠ እርሳስ ነበር። ይህ በብሪኔል መለኪያ ጥንካሬው 12 ገደማ ነው፤ ንጹህ እርሳስ 5 አካባቢ ነው። ከዚያ የማተሚያ ፊደል የሚወጣበትን ቅይጥ፣ ሊኖታይፕ የሚባለውን፣ ፈልጎ አገኘ። እሱ አንቲሞኒ የሚባለው ማጠንከሪያ ስለሚበዛበት 22 ገደማ ይደርሳል። በዚህ ቅይጥ 400 አረር አወጣ። ተኮሰ። ባሰበት! አረሩ የሚቀባውን ቅባት ቀየረ፣ ለውጥ የለም። ባሩዱን ቀነሰ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ነው ወደኔ የመጣው።

እኔ ስለ ቅይጡ ምንም አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት «እርሳሱ የቱ ጋ ነው የሚለጠፈው?» ብዬ ነው። አላየውም ነበር። ሲሊንደሩን አውጥተን፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ባዶ መሆናቸውን ሁለታችንም በየተራ ካረጋገጥን በኋላ፣ በባትሪ እያበራን ተመለከትን። ሁሉም እርሳስ አፈሙዙ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከሾጣጣው መግቢያ አንስቶ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል። ጫፉ አካባቢ ግን ንጹህ ነው። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ቅባት አልበቃ ሲል እርሳሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጫፉ አካባቢ ነው የሚታየው፣ ምክንያቱም ቅባቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ገና ከመነሻው ከተለጠፈ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ልክ ነው። አረሩ ለአፈሙዙ ይጠባል ማለት ነው፣ ጋዝ በጎኑ ያልፋል።

«አይጠብም!» አለኝ። «አረሬ 0.452 ነው፣ ለ.45 ኮልት ልኩ ይኸው ነው።»

ልክ ነው፣ 0.452 ኢንች (11.48 ሚሊሜትር) ለዚህ መሣሪያ የተለመደ ልክ ነው። ግን አረሩ ፎርማ ውስጥ ስንት እንደነበር ብቻውን አይበቃም፤ አፈሙዙ ጋ ሲደርስ ስንት ነው የሚለው ነው ዋናው።

እዚህ ጋ የስድስት ጎራሽን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ጠመንጃ ላይ ጥይቱ የሚቀመጠው በራሱ በአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ውስጥ ነው። ስድስት ጎራሽ ላይ ግን ጥይቱ ሲሊንደር ውስጥ ነው፣ አፈሙዙ ሌላ ብረት ነው። አረሩ ከቀለሁ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው አፈሙዙን አይደለም፤ የሲሊንደሩን ቀዳዳ የፊት ክፍል ነው። ያ ክፍል ከኋላው ይጠባል። ጉሮሮ ይባላል፣ ሥራውም የጉሮሮ ነው። ከጉሮሮው ወጥቶ በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ያለችውን ትንሽ ክፍተት ይዘልላል፣ ሾጣጣውን መግቢያ ያገኛል፣ ከዚያ ነው ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ አንተ የፈለግኸውን ልክ አድርገህ ብታወጣው፣ ጉሮሮው ከጠበበ እየጨመቀ በራሱ ልክ ያወጣዋል። አፈሙዙ የሚደርሰው ጉሮሮው የፈቀደው አረር ብቻ ነው።

ለዚህ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ሙከራ አለ። ሲሊንደሩን ባዶ አድርገህ ታወጣለህ፣ አንድ ያልተቀባ አረር ትይዛለህ፣ በሲሊንደሩ ፊት በኩል ወደ ጉሮሮው በጣትህ ትገፋለህ። ትንሽ ተጭነኸው ካለፈ ጥሩ ነው። ሳትነካው ከወደቀ ጉሮሮው ሰፊ ነው ወይ አረሩ ቀጭን ነው። ጨርሶ ካልገባ ጉሮሮው ጠባብ ነው። የወዳጄ አረር በስድስቱም ቀዳዳ አልገባም። አንዱም ላይ! አፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ወዳጄ ዝም አለ። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ሙከራ የነገረው ሰው አልነበረም፣ በውነት ይህ ያሳዝናል፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

አሁን ወደ ቁጥር። እሱ ካሊፐር ይዞ መጥቷል። ካሊፐር ለብዙ ሥራ ይበቃል፣ ለዚህ ግን አይበቃም፤ አንድ ሺኛ ኢንች ወዲህ ወይ ወዲያ ሊስት ይችላል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያችኑ አንድ ሺኛ ነው። 0.001 ኢንች ማለት 0.025 ሚሊሜትር ነው፣ ከአንድ የራስ ጸጉር ውፍረት በብዙ ያነሰ። በተለይ ክብ ቀዳዳን ከውስጥ በካሊፐር መለካት አይታመንም፣ ጥርሶቹ ጠፍጣፋ ስለሆኑ ሁልጊዜ ከእውነተኛው አሳንሰው ያሳያሉ። ከካሊፐር ይበልጥ በትክክል የሚለካውን ማይክሮሜትር አወጣሁ። ቀዳዳውን ራሱን ሳይሆን ቀዳዳው ያወጣውን ቅርጽ ነው የምንለካው፦ ንጹህ፣ ለስላሳ የእርሳስ ቁራጭ ዘይት ቀብተህ በጉሮሮው ታሳልፋለህ፣ ከዚያ ቁራጩን ትለካለህ። ለስላሳ መሆኑ ግድ ነው፣ ምክንያቱም ጠንካራ ቅይጥ ካለፈ በኋላ ትንሽ መልሶ ይነፋል፣ ውሸት ቁጥር ይሰጥሃል።

ቀዳዳዎቹን በእስክሪብቶ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ሰጠናቸው። ውጤቱ እንዲህ ወጣ። 1ኛው 0.4495፣ 2ኛው 0.4495፣ 3ኛው 0.4500፣ 4ኛው 0.4490፣ 5ኛው 0.4495፣ 6ኛው 0.4500። ማለትም 0.452 ሆኖ የሚነሳው አረር ሲሊንደሩን ለቅቆ ሲወጣ ከሁለት እስከ ሦስት ሺኛ ኢንች ያህል ተጨምቆ ቀጥኗል። ወዳጄ የአረር ልክ ማስተካከያ መሣሪያ ገዝቶ በጥንቃቄ 0.452 ያደረገው ሁሉ እዚያች ጉሮሮ ላይ ይሰረዝ ነበር።

ቀጥሎ አፈሙዙ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ፣ ስህተቱ ሌላ ሰውም ሊገጥመው ስለሚችል በዝርዝር ልጻፈው። የእርሳስ ቁራጩን ከአፈሙዙ ጫፍ አስገብቼ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያልኩ ገፋሁት፣ በሌላው በኩል፣ ሲሊንደሩ በነበረበት ባዶ ቦታ ወጣ። ለካሁት፤ 0.4505። «እንዲያውም አፈሙዙም ጠባብ ነው፣ የጉሮሮውና የአፈሙዙ ልዩነት አንድ ሺኛ ብቻ ነው» አልኩና ነገሩ ግራ ገባኝ። አንድ ሺኛ ልዩነት ይህን ሁሉ እርሳስ አያስለጥፍም። ከዚያ ስገፋ የተሰማኝ ነገር ትዝ አለኝ። ቁራጩ አብዛኛውን መንገድ በአንድ ዓይነት ግፊት ነው የሄደው፣ መጨረሻ ላይ ግን፣ አፈሙዙ ከሽጉጡ አካል ጋር በብሎን ጥርስ የተያያዘበት ቦታ ሲደርስ፣ ያዝ አደረገኝና በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ነበረብኝ። በዚያ ቦታ አፈሙዙ ተሰብስቧል ማለት ነው። አፈሙዙ ሲጠብቅ ጥርሱ ብረቱን ወደ ውስጥ ይጫነዋል፣ ቀዳዳው እዚያ ቦታ ላይ ይጠባል። የእኔ ቁራጭ የለካው ያን የተጨመቀውን ቦታ ብቻ ነበር፣ ምክንያቱም የመጨረሻው በር እሱ ነው።

ሌላ ቁራጭ ወሰድኩ። ከጫፉ አስገብቼ እስከ መሀል ብቻ ገፋሁት፣ ከዚያ በሲሊንደሩ ቦታ በኩል አጫጭር የናስ ዘንጎች አንዱን በአንዱ ላይ እየጨመርኩ በመጣበት መለስኩት። ለካሁት። 0.4515። ይኸው ነው እውነተኛው ልክ። ደግነቱ የዚህ አፈሙዝ ቦዮች ስድስት ናቸው፣ እያንዳንዱ ቦይ ትይዩ ስላለው በማይክሮሜትር በቀጥታ ይለካል፤ አምስት ቦይ ያላቸው መሣሪያዎች ላይ ግን ትይዩ ስለሌለ ሌላ ዘዴ ይጠይቃል።

አሁን ሁሉንም ደርድረው። አረሩ 0.452 ሆኖ ይነሳል። ጉሮሮው 0.4495 ያደርገዋል። የተሰበሰበው የአፈሙዙ መግቢያ 0.4505 ነው፣ ቀሪው አፈሙዝ ደግሞ 0.4515። ማለትም አረሩ ጉሮሮውን ካለፈ በኋላ በሄደ ቁጥር ቤቱ ይሰፋበታል። ከኋላው የሚገፋው የጋለ ጋዝ ክፍተት ያገኛል፣ በአረሩ ጎን እየሾለከ እርሳሱን ይጠርገዋል፣ ብረቱ ላይ ይለጥፈዋል። አረሩም ቦዮቹን በደንብ ስለማይዝ ሽክርክሪቱ ይጎድላል፣ ያኔ ነው ተገልብጦ ወረቀቱን በጎኑ የሚመታው። እስኪ አስበው፣ ሁለቱም ምልክቶች፣ መለጠፉም መበታተኑም፣ ከአንድ ምንጭ ነው የመጡት።

ጠንካራው ቅይጥ ለምን አባሰው? ለስላሳ አረር ግፊት ሲያርፍበት ከኋላው ይነፋና ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል። ጠንካራው አይነፋም። አረር አውጪዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት አለ፦ የብሪኔል ቁጥሩን በ1,422 ስታባዛው አረሩ መንፋት የሚጀምርበት ግፊት በፒኤስአይ (በፓውንድ በካሬ ኢንች) ይወጣል። ለ22 ብሪኔል ከ31,000 በላይ ነው። ለ12 ብሪኔል 17,000 ገደማ። የ.45 ኮልት የተፈቀደ ከፍተኛ ግፊት ደግሞ 14,000 ፒኤስአይ ነው። ስለዚህ የወዳጄ የመጀመሪያ ቅይጥም ቢሆን በበቂ አይነፋም ነበር፣ ሁለተኛው ደግሞ ጨርሶ። ባሩድ ሲቀንስ ግፊቱን ይበልጥ አወረደው፣ እሱም ሊረዳው አይችልም ነበር። በሦስት ወር ውስጥ በቅይጡም በባሩዱም የሞከረው አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነበር፣ ግን ሳይለካ ይህን ማወቅ አይቻልም።

«እንግዲያውስ 0.454 ላውጣ፣ ወፍራም ይሁን» አለኝ። ይህን ሐሳብ ቶሎ ማስቆም ነበረብኝ። 0.454 ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። .45 ኮልት የ1873 ጥይት ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት አፈሙዞች 0.454 አካባቢ ነበሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ ነው ወደ 0.451 እና 0.452 የወረዱት። ስለዚህ የድሮ ፎርማና የድሮ ምክር እስካሁን ይዞራል። ለዚህ ሽጉጥ ግን 0.454 ቢሰጠው ጉሮሮው ያው 0.4495 ነው የሚያደርገው። የሚጨምረው ግፊት ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ወፍራም አረር የቀለሁን አፍ ያወፍራል፣ ቀለሁ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ አረሩን በነጻነት የማይለቅ ከሆነ ግፊቱ አደገኛ ይሆናል። ይህ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ «ፋብሪካ እንዴት እንዲህ አድርጎ ያወጣል?» ብሎ ነው። መልሱ ከባድ አይደለም። ጉሮሮው የሚቆረጠው በሪመር፣ ቀዳዳ እያዞሩ በሚያሰፉበት መቁረጫ፣ ነው። ሪመር አዲስ ሲሆን ሰፋ አድርጎ ይቆርጣል፣ እየተሳለ ሲሄድ ይቀጥናል፣ ቀዳዳውም አብሮ ይጠባል። አፈሙዙ ደግሞ በሌላ ማሽን፣ በሌላ ቀን ይሠራል። ሁለቱም እያንዳንዳቸው በተፈቀደው ልክ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንድ ላይ ሲገጠሙ ግን አይዋደዱም። በመዳብ የተሸፈነ የፋብሪካ አረር ለሚተኩስ ሰው ይህ ብዙም አይታይም። የእርሳስ አረር ላይ ነው አፍጥጦ የሚወጣው።

መፍትሔው ሁለት ነበር። ጊዜያዊው፣ አረሩን ማለስለስ። 20 እጅ እርሳስ ከ1 እጅ ቆርቆሮ ጋር ቀላቅለን 10 ብሪኔል ገደማ አደረስነው። በዚያው ስሌት ይህ ቅይጥ የሚነፋበት ግፊት ከ.45 ኮልት ከፍተኛ ግፊት ጋር ይቀራረባል፣ ስለዚህ ከፊተኞቹ ቅይጦች ይልቅ ለመንፋት ይቀርባል። ከመሞከራችን በፊት አፈሙዙን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት ነበረብን፣ አሮጌው እርሳስ ላይ አዲሱ ስለሚለጠፍ ሙከራው ዋጋ አይኖረውም። የመዳብ ሽቦ ጭረት በብሩሽ ላይ ጠምጥመን ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። (እርሳስ ስታቀልጥም ሆነ እንዲህ ስታጸዳ አየር ያለበት ቦታ ሁን፣ ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ። የቀለጠ እርሳስ አጠገብ ደግሞ የውኃ ጠብታ እንዳይደርስ፤ ወዲያው በእንፋሎት ፈንድቶ ብረቱን ይረጨዋል።) ውጤቱ ተሻለ፣ መለጠፉ ወደ ግማሽ ወረደ፣ ግን አልጠፋም። ወዳጄ በዚሁ ሊቀበለው ነበር። እኔ አልፈለግሁም፣ ችግሩ በቦታው እያለ ዙሪያውን መዞር ይሆናል።

ዘላቂው ጉሮሮዎቹን ማስፋት ነው። ይህንን እኛ አልሠራነውም። መሣሪያ በመጠገን ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው አሉ፣ ወደሳቸው ወሰድነው። የጻፍኩትን ቁጥር ሁሉ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ማን ለካልህ?» አሉኝ።

«እኔው ነኝ፣ ጋሼ።»

«አፈሙዙንም ሁለቴ ለካኸው?»

«የመጀመሪያው አሳስቶኝ ነበር።»

«ጎሽ፣ ልጄ። ብዙ ሰው አንዴ ይለካና ያመጣልኛል፣ ከዚያ በኋላ የቆረጥኩትን ብረት መመለስ አልችልም።»

ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ነው። ጠባብ ጉሮሮ ይሰፋል፣ ሰፊ ጉሮሮ ግን አይጠብም። ከሰፋ በኋላ ያለህ ምርጫ ወፍራም አረር ወይም አዲስ ሲሊንደር ነው። ስለዚህ ስንት ይቆረጥ የሚለው ላይ ተነጋገርን። አረሩ ከአፈሙዙ ቦይ በትንሹ ሊበልጥ ይገባል፣ ጉሮሮው ደግሞ ከአረሩ በትንሹ። አፈሙዙ 0.4515፣ አረሩ 0.452፣ ጉሮሮው 0.4525። እያንዳንዱ ደረጃ ግማሽ ሺኛ ኢንች። ደረጃው ከኋላ ወደፊት እየጠበበ መሄድ አለበት፣ የወዳጄ ሽጉጥ ግን እየሰፋ ነበር የሚሄደው።

ሪመሩ መሪ ያለው ነው፣ ማለትም ከፊቱ ያለው ለስላሳ ክፍል ቀዳዳው መሀል ላይ ይይዘዋል። በእጅ፣ በብዙ ዘይት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያዞሩ ሠሩት። ወደ ኋላ አንዴም አላዞሩትም፣ የተቆረጠችው ብናኝ ብረቱን እንዳትጭረው። ስድስቱ ቀዳዳ ሲያልቅ እያንዳንዱን እንደገና በለስላሳ እርሳስ ለካን። ስድስቱም 0.4525። 4ኛው፣ ከሁሉም ጠባቡ የነበረው፣ ከሁሉም ብዙ ብረት ተወስዶለታል።

የአፈሙዙ መሰብሰብ ቀረ። ጉሮሮው ተስተካክሎ ይህን ትተን ቢሆን ኖሮ 0.452 ሆኖ የደረሰው አረር እዚያ ቦታ 0.4505 ሆኖ ይጨመቅና እንደገና ሰፊ ቦታ ይገባ ነበር፣ ድካማችን ሁሉ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ወደፊት በተዛወረ ችግር ያበቃ ነበር። እሳቸው ዘንግ ላይ የእርሳስ ቡሽ አወጡ፣ የመፍጫ ቅባት ቀቡት፣ የተጨመቀውን ቦታ ብቻ ወዲያ ወዲህ እያሉ ፈግፍገው አሰፉት። ይህ ትዕግሥት ይፈልጋል። በየጥቂቱ ያቆማሉ፣ ያጸዳሉ፣ አዲስ ቁራጭ ያሳልፋሉ፣ በእጃቸው ይሰሙታል። ቁራጩ ከጫፍ እስከ መግቢያ በአንድ ዓይነት ግፊት ሲሄድ አቆሙ።

ከዚያ ወደ መተኮሻው። የጎማ ባላንሱን የመጀመሪያ ቅይጥ ነው የተጠቀምነው፣ 12 ብሪኔሉን፣ በ0.452። አረሩ አሁን በጣት ትንሽ ተገፍቶ በስድስቱም ጉሮሮ ያልፋል። የባሩዱን መጠን ከመሙያ መጽሐፉ ዝቅተኛው ላይ እንደገና ጀመርን፣ ምክንያቱም ሽጉጡ አሁን ሌላ ሽጉጥ ነው። 50 ጥይት፣ መሀል ላይ ሳናጸዳ። ሲያልቅ ሲሊንደሩን አውጥተን በባትሪ አየን። ሾጣጣው አጠገብ ቀለል ያለ ግራጫ ጥላ አለ፣ በአንድ ጨርቅ ጠፋ። ከመደገፊያ ላይ በ25 ሜትር ስድስቱ ጥይት ከ6 ሴንቲሜትር በታች ገቡ። ሞላላ ቀዳዳ አንድም የለም። ወዳጄ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። ጉሮሮውንም የአፈሙዙን መግቢያም አስተካክለናል፣ ቅይጡን ግን ወደ መጀመሪያው መልሰናል። ጥንካሬው ጥፋተኛ እንዳልነበረ በእርግጠኝነት ለመናገር አንድ ሙከራ ይቀራል። ከዚያ ከባሰው፣ ከ22 ብሪኔሉ ሊኖታይፕ፣ ወዳጄ ቤት ከ300 የሚበልጥ አረር ተርፎ ነበር። በብስጭት መልሶ ሊያቀልጠው ነበር። «አታቅልጠው» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት 30 ያህሉን ሞልተን በዚያው ርቀት ተኮስናቸው። ለስላሳዎቹን ያህል አልተሰበሰቡም፣ 8 ሴንቲሜትር አካባቢ ነበሩ። አፈሙዙ ግን ንጹህ ነበር።

ቀሪዎቹን አሁንም እየተኮሳቸው ነው።